ያልሸሸው ማሰሮ

ጣቶቿ እስከ አንጓቸው ሰማያዊ የሆኑ አንዲት አሮጊት፣ ልጅ ሳለሁ፣ አሜሪካ አገር፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ በምትባል ከተማ ውስጥ ተረት ትነግረኝ ነበር። ታይላንዳዊት ነበረች። «ያይ በይኝ» አለችኝ፤ በአገሯ ቋንቋ አያት ማለት ነው፤ ሌላ ስሟን ጠይቄያት አላውቅም። አሜሪካዊ ባሏ ከሞተ በኋላ ብቻዋን ከእኛ በታች ባለው ፎቅ ትኖር ነበር። እናቴ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የከሰዓት ሺፍት ስለነበራት፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ እሷ እስክትመጣ የምቆየው ያይ ዘንድ ነበር። ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ከሱዳን ከመጣን ሁለተኛው የበረዶ ወራታችን።

የያይ ቤት ይሸታል። ኩሽናዋ ውስጥ፣ ከማሞቂያው አጠገብ፣ ክዳን ያለው ትልቅ ባልዲ ነበር፤ እሷ ግን «ማሰሮዬ» ነው የምትለው። እህቷ ከአገር ቤት በፖስታ የምትልክላት ጭቃ የመሰለ የቅጠል ዝቃጭ ከኖራና ከአመድ ውኃ ጋር ሆኖ እዚያ ውስጥ ሲብላላ ይከርማል። ነጭ ክር ትነክርበታለች። ክሩ ሲወጣ ቢጫ አረንጓዴ ነው፤ አየር ሲያገኘው ዓይኔ እያየ ሰማያዊ ይሆናል። ያንን ለማየት ስል ሽታውን ለመድኩት።

አመሻሽ ላይ አንድ መብራት ብቻ ትታ ሌላውን ታጠፋለች። የመብራቱን ጥላ ራሷ በነከረችው ጨርቅ ስለሸፈነችው ክፍሉ የኩሬ ውስጥ ይመስላል። የኤሌክትሪክ ምድጃው ሽቦ እንደ ፍም ሲቀላ፣ ሩዝ ጠፍጥፋ፣ እንቁላል ቀብታ ትጠብስበታለች። የጭስ ማስጠንቀቂያው እንዳይጮህ የፕላስቲክ ከረጢት ታለብሰውና ወለሉ ላይ ተቀምጣ ትጀምራለች።

ተረቶቿ ሁሉ ፕሬ ስለምትባለው የትውልድ ክፍለ አገሯ ነበሩ፤ ቱሪስት የማይሄድባት፣ ካርታ ላይ እሷ በጣቷ ካላሳየችኝ የማላገኛት ቦታ። ጨካኝ ተረቶች ነበሩ። ከጥድ የበለጠ ጠንካራ በሆነ እንጨት የተሠራ የመኳንንት ቤት አለ፤ ከሥሩ እስረኛ የሚታጎርበት ጨለማ ክፍል አለ፤ ገብቶ የሚያይ ሰው ፊቱን ወደ ጨለማው እንዳደረገ ወደ ኋላ እየተራመደ ካልወጣ እሱም አንድ ቀን ይታሰራል። ከሁሉ የምወደው ግን የአፈር ሰዎቹን ተረት ነበር።

ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኝ ሜዳ ላይ ሰው የሚመስሉ የአፈር ዓምዶች ቆመዋል። ድሮ እዚያ ከተማ ነበረ። በከተማው ክር የምትነክር አንዲት ሴት ነበረች። ሁሉም የነከረችውን ይለብሳል፤ ውኃ ልትቀዳ ስትመጣ ግን «በዚያ እጅሽ ጉድጓዳችንን እንዳትነኪ» ይሏታል። አንድ ቀን ማሰሮዋን ተሸክማ ሄደች። እሷ ስትርቅ የለበሱት ልብስ ሁሉ በላያቸው ላይ አፈር እየሆነ መጣ፤ ሊጠሯት እየሮጡ ከየቤታቸው ወጡ፣ እንደ ቆሙም ደርቀው ቀሩ።

«ከዚያ ተመልሳ ይቅር አለቻቸው?» እላለሁ ሁልጊዜ።

«ብትመለስ ኖሮ ይቀመጡ ነበር» ትላለች ያይ፣ ሩዙን እያገላበጠች። ትስቃለችም።

ማሰሮም ሕይወት አለው ትለኝ ነበር። ክፉ ቃል ከሰማ ይሸሻል፤ ቀለሙ ጥሎት ይሄዳል፣ ክር ብትነክሪበት ነጭ እንደሆነ ይወጣል። ስለዚህ ገና ስገባ መጀመሪያ ባልዲውን «እንደምን ዋልክ» ማለት ነበረብኝ። አንድ ቀን ረስቼ ባልፈው ጆሮዬን ይዛ መለሰችኝ።

በዚያው የበረዶ ወራት ክፉኛ ታመምኩ። እናቴ ከያይ ቤት ልትወስደኝ ስትመጣ የያይን እጅ በደንብ ያየችው ያን ዕለት ነው፤ ሌላ ጊዜ እየሮጠች ከበር ላይ ነበር የምትቀበለኝ። ወደ ላይ ወጥታ ለጎረቤታችን ለእትዬ አስቴር ነገረቻቸው።

«ክር ነካሪ? ጣቷ ሰማያዊ?» አሉ እትዬ አስቴር። «እና አንቺ ልጅሽን ለእሷ ትተሽ ነው ሥራ የምትሄጂው? አይ የሰው ሞኝ!»

በአገራችን ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩ በዓይኑ ሰው ይበላል ተብሎ እንደሚታማ የሚያነበኝ ሁሉ ያውቃል። ጤና አዳም በዚያ ብርድ ከየት ይምጣ? እትዬ አስቴር ነጭ ሽንኩርትና ከአሮጌ ጫማ የተቆረጠ ሶል ምድጃው ላይ ጣል አደረጉ፤ ሽቦው ቀላ። ጋቢ አለበሱኝና አንገቴን ይዘው ጭሱ ላይ ደፉኝ።

«ማን ነው የበላሽ? ተናገሪ!»

ትንፋሽ አጠረኝ፤ ዓይኔ ተቃጠለ። የእናቴም እጅ ማጅራቴ ላይ ነበር፤ አላነሳችውም።

«ተናገሪ፣ አንቺ ልጅ! ማን ነው?»

«ያይ!» አልኩ። ከዚያ ጭስ ለመውጣት የፈለጉትን ሁሉ እል ነበር።

ማስጠንቀቂያው መጮህ ጀመረ። የእኛን ከረጢት ያለበሰው አልነበረም። ጥቂት ቆይቶ በሩ ተንኳኳ፤ ያይ ናት፤ ጩኸቱን ሰምታ ደንግጣ ወጥታለች፤ በአንድ እጇ ለእኔ የሠራችው ሾርባ አለ። እናቴ እንግሊዝኛ አትችልም፤ የሐኪሙንም የአከራዩንም ወሬ የማስተረጉመው እኔ ነበርኩ።

«ንገሪያት» አለችኝ። «ልጄን እንዳታይብኝ በያት። ቡዳ ነሽ በያት።»

በእንግሊዝኛ ቃሉን አላገኘሁትም። «ሾርባው ይቅር፣ ልተኛ ነው» ብዬ ብቻ ልመልሳት እችል ነበር፤ እናቴ አታውቅም። እኔ ግን ጉሮሮዬ ተቃጥሏል፣ ተናድጃለሁ፣ የምናደድበት ሰው ደግሞ ፊቴ ቆሟል።

«እማዬ ሰው ትበያለሽ ትላለች» አልኳት። ከዚያም ማንም ሳያዘኝ፣ «እጅሽ ያስጠላል» ጨመርኩበት።

ያይ ሾርባውን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። ቀና ስትል እጆቿን ብብቷ ሥር ከታ ነበር። እንደዚያው ሆና ደረጃውን ወረደች፤ መደገፊያውን እንኳን አልያዘችም።

በማግስቱ በመስኮት አየኋት። ባልዲውን እየጎተተች ወደ ቆሻሻ መጣያው ወሰደችውና በረዶው ላይ ገለበጠችው። የፈሰሰው ቢጫ አረንጓዴ ነበር። ከዚያ፣ እኔ እያየሁት፣ ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ሆነ። ማሰሮው አልሸሸም ነበር፤ በሕይወቱ ነው የደፋችው። ትኩሳቴ በጭሱ ሳይሆን ከክሊኒክ በመጣ መድኃኒት ለቀቀኝ። በረዶው ሳይቀልጥ ሮቢንስዴል የሚባል ሌላ ከተማ ቤት ተከራይተን ወጣን፤ ዳግመኛ አላየኋትም።

ባሌን ደምሴን ያገኘሁት ካደግኩ በኋላ፣ ሻኮፒ በምትባል ከተማ፣ አንድ መጋዘን ውስጥ አብረን ዕቃ ስናሽግ ነው። ገና በሁለተኛው ሳምንት፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ «እኔ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ልጅ ነኝ፤ እስከ አሥራ ስድስት ዓመቴ እግሬ ከሽመና ጉድጓድ አልወጣም» አለኝ እየሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ልንጋባ ስንል፣ «አባቴ ነጋዴ ነበር በላት፤ እናቴን አታውቃትም» አልኩት።

«ሸማም እኮ ይነገድ ነበር፤ ውሸት የለውም» ብሎ ቀለደ። እሺም አለ። ሃያ ሁለት ዓመት እሺ እንዳለ ኖረ።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ «ያቺ አሮጊትሽ የምታወራልሽን አገር እስቲ እንየው» ያለኝ እሱ ነው። ተረቶቹን ነግሬዋለሁ፤ ያስተረጎምኩትን ግን አልነገርኩትም። ፕሬ ገባን። ከእኛ ሌላ የውጭ ሰው አላየንም። የመኳንንቱ ቤት በእርግጥ አለ፤ ደምሴ ከጨለማው ክፍል ወደ ኋላ እየተራመደ ሲወጣ ደፉ አደናቅፎት እስኪያመው ሳቀ። የአፈር ዓምዶቹም ቆመዋል። ለአስጎብኚያችን ለወጣቷ ልጅ የነካሪዋን ተረት ነገርኳት።

«ቆንጆ ነው» አለችኝ። «እዚህ ግን እንዲህ ያለ ተረት የለም። ማን ነገረሽ?»

ያይ ለእኔ ብላ የፈጠረችው ነበር። ወይም ስለ ራሷ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ነካሪዎቹ መንደር ሄድን። በየደጁ ሰማያዊ ሸሚዝ እንዲደርቅ ተሰቅሏል፤ ያ ሽታ ከሠላሳ አምስት ዓመት በኋላ አፍንጫዬን ያዘኝ። አንዲት ሸማኔ፣ ጥርሷ ያለቀ፣ ቤቷ በር ላይ ትሠራለች። ደምሴ ቆሞ ሲያያት ቆየና በምልክት «ልሞክር?» አላት። ሴትየዋ ለቀቀችለት። ተቀምጦ እግሩን ወደ ታች ሰደደ፤ ጉድጓድ የለም።

«ጉድጓዱን ማን ሰረቀባችሁ?» አለ በአማርኛ። ሴትየዋ ሳይገባት ሳቀች።

ከዚያ መወርወሪያውን ያዘ። ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው የተኛሁት ሰው እጅ እንደዚያ ሲሄድ አይቼ አላውቅም። ጎረቤቶች ተሰበሰቡ። ክሩ ገና እርጥብ ስለነበረ ጣቶቹ ሰማያዊ ሆኑ። ቀና ብሎ፣ ፊቱ እንደ ልጅ በርቶ፣ «ሰናይት፣ ቪዲዮ አንሺኝ! ለእማማ ላኪላቸው። በቃ፣ ይወቁት፤ አሁን ምን ያደርጉኛል?» አለኝ።

«ልጄን ለቡዳ ልጅ ዳርኩ ብላ ትሙትልህ?» አልኩት። «ተነስ! እጅህ ያስጠላል፣ ታጠብ።»

የተናገርኩት ጆሮዬ ውስጥ ሲገባ ከየት እንደ መጣ አወቅኩት። ይቅርታ ግን አልጠየቅኩትም። ደምሴ ጣቶቹን አያቸውና፣ «እሺ» አለ። ተነሳ። ሴትየዋ ስንዝር የማትሞላውን ሥራውን ቆርጣ ጫፏን ቋጥራ ሰጠችው። እሱ ለእኔ ሰጠኝ፤ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳት።

ቀለሙ ከጥፍሮቹ ሥር ቶሎ አልለቀቀም። እዚህ ተመልሰን በመጀመሪያው እሑድ፣ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዳችን በፊት፣ በበረኪና ሲፈትጋቸው አገኘሁት። «እማማ እንዳያዩት ነው» አለኝ። ቁጣ የለበትም ነበር፤ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። በአራተኛው ወር ልቡ ቀጥ አለች። የሕይወት ታሪኩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዲያቆኑ ሬሳው ፊት ቆሞ «ከነጋዴ አባቱ ተወለደ» ብሎ አነበበ፤ ሰዉም አለቀሰ።

ባለፈው ሳምንት፣ እናቴ ከእኔ ጋር መኖር ከጀመረች ወዲህ፣ መሳቢያውን ስናጸዳ ቁራጯ ወጣች። አንስታ ወደ መስኮቱ ወሰደቻት፤ ጠርዟን በአውራ ጣቷ ዳሰሰች።

«የማን ሥራ ናት?»

«የደምሴ» አልኩ። ፊቴን ወደ መሳቢያው አዞርኩ። «አባቱ ሸማኔ ነበር፣ እማዬ።»

«ታዲያ ምን ያስደነግጥሻል?» አለችኝ። «ከሠርጋችሁ ቀን ጀምሮ አውቃለሁ። የነጠላዬ ጫፍ ተተርትሮ አይቶ፣ እያወራኝ፣ ሳያስበው ቋጨልኝ። ነጋዴ እንዲህ ይቋጫል?»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንቺ ስታፍሪበት አየሁ። የአንቺ ባል ነው፣ እኔ ምን አገባኝ? እኔ እንኳ ስታመም ከእሱ እጅ ነበር የምጎርሰው።»

«ያይንስ ታስታውሻታለሽ?» አልኳት። «ታች ፎቅ የነበረችውን፣ እጇ ሰማያዊ የሆነውን?»

ግንባሯን ቋጥራ አሰበች። የምሯን ነበር የምታስበው። «የቷን ሴትዮ?» አለች።

ያኔ የሰማኋቸው ተረቶች አንዳቸውም አልጠፉብኝም፤ ጭሱም፣ ፍም የሚመስለው ሽቦም፣ ጥብሱ ሩዝም አሉ። እናቴ ስትተኛ ቁራጯን በሙቅ ውኃ ነከርኳት፤ አሸኋት፣ ጨመቅኳት፣ ውኃው እስኪበርድ እጄን አላወጣሁም። አንድ ጠብታ ቀለም ቢለቅልኝ፣ በነጋው ቤተ ክርስቲያን በሰማያዊ ጣቴ እሄድ ነበር። ጣቶቼን አውጥቼ ወደ መብራቱ ያዝኳቸው። እንደ ገቡ ንጹሕ ሆነው ወጡ።