ሃያ ጊዜ የሚያቀርበው መነጽር

የወፍ ማያ መነጽር መምረጥ እንዲህ ያንገሸግሻል ብሎ የነገረኝ የለም። ሸዋ ሮቢት ከተመደብኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። ከደጋ የመጣሁ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ፤ የቆላው ሙቀት ሲያማርረኝ ከርሞ በመጨረሻ ወፎቹ አስታረቁኝ። ወንዙ ዳር ካሉት ግራሮች ሥር ቆሜ አንገቴ እስኪቆለመም አንጋጥጣለሁ። ጉሮሮዋ ቀይ ይሁን ቡናማ ለይቼ ሳልጨርስ ግን ወፏ ብር ትላለች።

ገበያው ውስጥ ቻርጀርና የእጅ ባትሪ የሚሸጥ ነጋዴ ሁለት መነጽር አስመጣልኝ። አንዱ ትንሽ፣ ስምንት ጊዜ የሚያቀርብ፤ ሌላው የውኃ ጆግ የሚያክል፣ ሃያ ጊዜ የሚያቀርብ። ለወፍ ትንሹ እንደሚሻል አንብቤያለሁ፤ ሰፋ አድርጎ ያሳያል፣ እጅ ቢንቀጠቀጥም ምስሉ ብዙ አይዘልም። ይህን እያወቅሁ ብቻዬን ሄጄ ብገዛ ምን ነበረበት? ባልደረቦቼን አስከትዬ ሄድኩ።

የሂሳብ መምህሩ ትልቁን ከእጄ ነጥቆ የደጋው መንገድ ወደሚወርድበት ተራራ አዞረው። እዚህ አገር መነጽር የጨበጠ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ያንን ተራራ ነው። «አይሱዙዋ ስትወርድ ትታያችኋለች? ታርጋዋን ላንብብላችሁ?» አለ። ነጋዴው፣ ሊስትሮው፣ መንገደኛው ሁሉ ተቀባበሉት።

«እኔ ወፍ ነው የማየው፤ ወፍ ታርጋ የለውም» አልኩ።

የሰማኝ የለም። «መምህርት፣ ሃያ እያለ ስምንት ይገዛል?» አለኝ ነጋዴው፣ መደመር እንዳቃተው ተማሪ እያየኝ። አፍሬ ትልቁን ገዛሁ። እስከ ዛሬ የሚያበግነኝ ይሄ ነው፤ ሳላውቅ ቢሆን ኖሮ ለራሴ ባዘንኩ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ፍዳዬን አየሁ። ወፏን በዓይኔ አያታለሁ፤ መነጽሩን ሳነሳ ሰማይ ብቻ፣ ዝቅ ሳደርገው ቅጠል ብቻ፣ ሳገኛት ደግሞ እጄ ሲንቀጠቀጥ ቅርንጫፉ ይደንሳል። ክርን ማስደገፊያ ከሌለ የማይሠራ ዕቃ ነው። የአከራዬ ማሳ ላይ ካለው ማማ ያደረሰኝም ይኸው ማስደገፊያ ፍለጋ ነው።

አከራዬ ባላቸው የሞተባቸው፣ እኔም ሰፈሩም እትዬ የምንላቸው ሴት ናቸው። ከከተማው ወጣ ብሎ ዓመቱን የሚበሉት ማሽላ አላቸው። ማሽላው ወተት ሲይዝ ግሪሳ ወፍ ይወርድበታል፤ ስለዚህ ባለማሳው ሁሉ ከንጋት ጀምሮ የእንጨት ማማው ላይ ወጥቶ ይጮሃል፣ ጅራፍ ያጮሃል፣ በወንጭፍ ይወረውራል። ከአንዱ ማሳ የተባረረ ግሪሳ ቀጥሎ ያለውን ይሞክራል፤ ዝም ያለ ማሳ ካገኘ እዚያው ይሰፍራል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ቀብር ነበረባቸው። «ልጄ፣ ደርሼ እስክመጣ ማማው ላይ ሁኚልኝ። አደራሽን፣ ዝም አትበዪ ብቻ። አፍሽ ላይ የመጣልሽን ጩሂ» አሉኝ። «ይሂዱ እትዬ፣ ምን ችግር አለው» አልኩ።

እውነትም ጮህኩ። ጅራፉ የራሴን እግር እየገረፈኝ ለአንድ ሰዓት ያህል ጮህኩ። ከዚያ ማሳው ጫፍ ያለው ግራር ላይ አንዲት ወፍ አረፈች። ጀርባዋ አረንጓዴ፣ ጉሮሮዋ ደም የመሰለ ቀይ፤ የያዘቻትን ንብ ቅርንጫፉ ላይ ትቀጠቅጣለች። ክርኔን የማማው አግዳሚ ላይ አስደገፍኩ። ያ የተረገመ መነጽር ለመጀመሪያ ጊዜ ረጋ። እንዳትሸሽብኝ ትንፋሼን ዋጥኩ። በሃያ ጊዜ አቅራቢ የሚታየው አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ነው፤ ደስታዬ ግን ወሰን አልነበረውም። ግራና ቀኝ ማማ ላይ ያሉት ሲጮሁ ሰማሁ። ወፌን ሊያስበረግጉብኝ ነው ብዬ ጭራሽ ተናደድኩባቸው።

መነጽሩን ሳወርድ ከጀርባዬ ያለው የማሳው ጎን በግሪሳ ተጎንብሶ ነበር። ስጮህ ጥቁር አቧራ መስሎ ተነሳ።

እትዬ ነጠላቸውን ለለቅሶ እንዳዘቀዘቁ መጡ። አንድ የማሽላ ራስ ቆርጠው በመዳፋቸው አሹት፤ ገለባ ብቻ ወጣ።

«ምን ሆነሽ ነው?» አሉኝ።

«ወፍ እያየሁ ነበር» አልኩ። መልሱ ለራሴም አስጠላኝ። ቢረግሙኝ እወድ ነበር። እሳቸው ግን አንገቴ ላይ የተንጠለጠለውን አየት አድርገው ጅራፉን ከእጄ ወሰዱና ማማው ላይ ወጡ።

ከቀብሩ አብሯቸው የተመለሰው የአዋሳኙ ማሳ ባለቤት ድንበሩ ላይ መጥቶ ቆመ። «እትዬ፣ ማንን ጠባቂ አድርገው ነው የሄዱት?» አለ። እዚያ ሰፈር ማሽላ ያስበላ ሰው እስከ አጨዳ ድረስ መነጋገሪያ ነው።

«ማንንም። ባዶውን ትቼው ሄጄ ነው፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አሉት።

ጠዋት ሚስቱ ከጎን ማማ ላይ ሆና ስጮህ ሰምታኛለች፤ ለእሱም ሳትነግረው አትቀርም። ሰውየው እኔን አየ፣ መነጽሩን አየ፣ ከዚያ ቀና ብሎ «አይዞዎት እትዬ፣ ያጋጥማል» አላቸውና ተመለሰ። እኔ ነኝ ያስበላሁት ለማለት አፌን ከፈትኩ፤ ሰውየው ማሳው ውስጥ እስኪሰወር ቃሉ አልወጣልኝም።