የሙሽራው አክስት

ስለ ፌኪታ ለማውራት ከአሳማው መጀመር ይቀላል። ሃያ ሁለት ዓመቷ ሳለ ከማዶ ደሴት አንድ ሰው ሊያገባት ፈልጎ ሽማግሌዎችን ተወቅጦ ከሚጠጣው የካቫ ሥርና ከአንድ ግዙፍ አሳማ ጋር ላከ። ሽማግሌዎቹ ንግግራቸውን ሲጨርሱ ፌኪታ ከጓዳ ብቅ አለች፤ አሳማውን ዞራ ዞራ አየችውና «አሳማው ይቆይ፣ ሰውየው ይሂድ» አለች። ሽማግሌዎቹ አሳማቸውን ጭነው ተመለሱ፤ ከዚያ በኋላ ጠያቂ አልመጣም። ይህን የማወራው ሰምቼ አይደለም። ያኔም ጎረቤቷ ነበርኩ፣ ዛሬም ነኝ።

እሷ ካቶሊክ ናት፣ እኔ ዌስሊያን፣ ፕሮቴስታንት። አርባ ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠን ሰሌን ስንሠራ አፋችን ሥራ ፈትቶ አያውቅም። እሷ እኛን «ጯሂዎቹ» ትለናለች፣ መዝሙራችን ወደብ ድረስ ስለሚሰማ። እኔ ደግሞ «ለቅዱሳኑ ሁሉ ሻማ ስታበሩ፣ ፈጣሪ ራሱ ጨለማ ውስጥ ቀረ» እላታለሁ።

የወንድሟ የቶማሲ ሚስት በወሊድ ስትሞት ሕፃኗን ሴሲሊያን ወስዳ ያሳደገቻት ፌኪታ ናት። በዚያው ሳምንት አንድ ሰሌን ጀመረች፤ ወለል ላይ የሚነጠፈውን ዓይነት ሳይሆን ወገብ ላይ የሚታጠቁትን፣ እንደ ነጠላ የሚሳሳውን። ቅጠሉን ቀቅላ፣ ባሕር ውስጥ ድንጋይ ጭና አሰንብታ፣ እንደ ክር ሰነጣጠቀችው።

«ለማን ነው?» አልኳት።

«ለሰርጓ።»

ሙሽራዋ ገና እትብቷ አልወደቀም ነበር።

ሴሲሊያ አድጋ «መነኩሲት እሆናለሁ» ያለች ዕለት ፌኪታ ዝም አለች። ሦስት ቀን ዝም አለች፤ መንደሩ ታማለች ብሎ ጎደሬ ይዞ መጣ። በአራተኛው ቀን «መቼም ከሰካራም ባል ይሻላል» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ነገሩ ያለቀ መሰለን።

የጀመረው ልጅቷ ለዘላለም ቃል የምትገባበት ቀን ሲደርስ ነው። ሥርዓቱ በመንደራችን እንዲሆን ተወሰነ፤ የካቶሊኮቹ ቄስ አባ ሶአኔም እሑድ ሲሰብክ «ልጃችን ሴሲሊያ ክርስቶስን ሙሽራዋ ታደርገዋለች። ይህ ሰርግ ነው! እንደ ሰርግ ተዘጋጁ!» አለ። ምነው ባልተናገረ። ሰኞ ጠዋት ፌኪታ እኔን ለምስክርነት እየጎተተች ደጁ ላይ ቆመች።

«አባ፣ ሰርግ ነው ብለዋል።»

«አዎን እትዬ ፌኪታ።»

«የሙሽራው ወገን መቼ ነው ሽማግሌ የሚልከው?»

አባ ሶአኔ ሳቀ። ወጣት ነው፣ እኛን ሴቶቹን ገና አላወቀንም። «እትዬ፣ ምሳሌ እኮ ነው።»

«ነገር በምሳሌ ያምራል፤ አሳማ ግን በምሳሌ አይጠበስም።»

«ነፍስ ለጌታዋ ያላትን ፍቅር ለመግለጽ ነው፣ እንደ ሙሽሪት...»

«ልጅቷ ልጅ የማትወልደውስ በምሳሌ ነው?»

መልሱን ሳትጠብቅ ቀጠለች።

«መኻን ሆና መኖሯ የእውነት ከሆነ ሰርጉም የእውነት ነው። የእውነት ሰርግ ደግሞ ሁለት ወገን አለው። ፊት ለፊቴ የሚቀመጥ ሰው ሳላይ ሰሌኔን አልዘረጋም።»

ይህ ቀልድ አይደለም። በእኛ ዘንድ ለወንድም ልጅ የአባት እህት ከሁሉ በላይ ናት፤ ሰርግ ላይ ከላይ የምትቀመጠው እሷ ናት፣ እሷ ካልፈቀደች የሚነሳ ዕቃ የለም። ቶማሲ የልጅቷ አባት ቢሆንም እህቱ ፊት ትንፍሽ አይልም።

በመንገድ ላይ እኔ በሳቅ እየሞትኩ ነበር። ፌኪታ ቆመች።

«ቪካ፣ አትሳቂ። የሎሳ ልጅ ባሏ ሲመታት የት ነው የሄድነው?»

«የባልየው አክስት ዘንድ።»

«አክስቱ ምን አደረገች?»

«በመጥረጊያ እንጨት መንደሩን አዞረችው።»

«በቃ! የእኔዋ ሲከፋት የማን ደጅ ሄጄ ልጩህ? ይሄ ሰውዬ ዘመድ የለውም!»

«ኧረ ሰውዬ አትበይ፣ ጌታ ነው።»

«ጌታ ከሆነ ዘመድ አያስፈልገውም ያለሽ ማነው?» ዓይኗ እንባ አቅርሯል። አርባ ዓመት ሳውቃት ስታለቅስ አይቻት አላውቅም ነበርና ሳቄ ጠፋ።

ሴሲሊያ ከዋና ከተማው መጥታ ለመነቻት። «አክስቴ፣ በአንቺ እጅ ካልታጠቅኩ ባዶዬን ነው የምቆመው።»

«ቁሚ። እሱም ባዶ እጁን ነው የሚመጣው።»

ልጅቷ እኔ ቤት ገብታ ተንሰቀሰቀች። ያሳደገቻት እናት ሳትመርቃት መሐላ ልትገባ ነው። እኔም ዝም ብዬ ማየት እንደማልችል አወቅኩ። ግን ማን የሙሽራው ወገን ይሁን? የመንደሩ ካቶሊክ ሁሉ የሙሽሪት ዘመድ ነው፤ ያልሆነውም ነኝ ብሎ ቦታ ይዟል። እንግዲህ የእኛን ቤተ ክርስቲያን ሴቶች ሰበሰብኩ።

«እናንተ፣ ክርስቶስ የካቶሊክ ብቻ ነው?»

«አይደለም!» አሉ በአንድ ድምፅ። እውነትም ጯሂዎች ነን።

«እንግዲያው ዘመዶቹ ነን። አሳማ ያለው ማነው?»

የፓስተራችን ሚስት ደነገጠች። ሌሎቹ ግን ወዲያው ገባቸው። ካቶሊኮች ፊት የጌታ ዘመድ ሆኖ በክብር መግባትን የሚጠላ ዌስሊያን ገና አልተወለደም። በሁለት ቀን ሦስት አሳማ፣ የካቫ ሥርና ሃያ ቅርጫት ጎደሬ ተገኘ።

የመሐላው ቀን እየዘመርን ስንደርስ ካቶሊኮቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ወጥተው አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። አባ ሶአኔ «ይሄ ምንድነው?» አለ።

«የሙሽራው ወገን ነን» አልኩት።

ፌኪታ ወደ ፊት መጣች። አሳማዎቹን ዞራ ዞራ አየች፤ ያን የድሮውን አስታወስኩ። ከዚያ «የሙሽራው አክስት የትኛዋ ናት?» አለች። «የአባቱ እህት።»

ይህን አላሰብንበትም። የሙሽራው አባት ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

«የዮሴፍ እህት ማለትሽ ነው?» አለች የፓስተሩ ሚስት።

«ዮሴፍ አሳዳጊ ነው። አባቱን ነው ያልኩሽ።»

ሴቶቹ ሁሉ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ፤ ጉድጓዱን የቆፈርኩት እኔ ነኛ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። መብረቅ ጠበቅኩ። የሆነ ቦታ ዶሮ ጮኸ እንጂ ሌላ ነገር አልመጣም።

እንዲህ ሆነና የእግዚአብሔር እህት ሆኜ ከላይ ተቀመጥኩ። ፌኪታ ሃያ ሰባት ዓመት የለፋችበትን ሰሌን ዘረጋችና ልጅቷን አስታጠቀቻት። ሴሲሊያ ቃሏን ገባች። ሲያበቃም እንደ ወጉ ሰሌኑ ተፈትቶ ለሙሽራው አክስት፣ ለእኔ፣ ፊቴ ተቀመጠ። ፌኪታ ጎንበስ ብላ በጆሮዬ «ካስከፋት ደጅሽ ነኝ» አለችኝ። እኔም ሳቅኩ።

አራት ዓመት አለፈ። ሴሲሊያ ሰለሞን ደሴቶች ሄዳ ሕመምተኛ ታስታምም ነበር። አንድ ማክሰኞ ቀትር ላይ ፌኪታ መጥታ ደጃፌ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ግቢ ብላት አልገባም አለች። መነኮሳቱ ደውለዋል። ወባው ልጅቷ ራስ ላይ ወጥቶባታል፤ ሦስት ቀን ሰው አለየችም።

«ወንድምሽን ንገሪው» አለችኝ።

«ፌኪታዬ፣ ያ እኮ ቀልድ...»

«ሰሌኔ የት ነው?»

«ሳጥኔ ውስጥ።»

«ቀልድ ከነበረ መልሺልኝ።»

ምን እመልስላታለሁ?

«በእኛ አገር ወንድም እህቱን እምቢ ይላል?» አለች።

«አይልም።»

«እንግዲያው ግቢና ንገሪው። እኔ እዚህ ነኝ።»

ወደ ውስጥ ገባሁ። በእኛ አገር እህት ከወንድሟ ትበልጣለች፤ ስትገባ ይነሳላታል። እኔ ግን ዕድሜ ልኬን እንደ ለማኝ ነው የጸለይኩት፤ እባክህ፣ ፈቃድህ ከሆነ፣ ባይገባኝም። ሰሌኑን ከሳጥን አውጥቼ ታጠቅኩት፣ ሳይታጠቁ ወንድም ቤት አይገባምና። አልተንበረከክሁም።

«ወንድሜ» አልኩት። «ልጅህ ያገባት ልጅ ታማለች። የሙሽሪት ወገን ደጄ ላይ ተቀምጠዋል። አታሳፍረኝ።»

ስወጣ ፌኪታ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

«ነገርሽው?»

«ነገርኩት።»

«ምን አለ?»

«ወንድም ምን ይላል? ዝም ብሎ ሰማኝ።»

ተነስታ ልብሷን አራግፋ ሄደች። ዓርብ ዕለት ሥራ ላይ አገኘኋት። ቀና ሳትል «ውሃ ጠጣች። ስሜን ጠርታለች አሉ» አለችኝ። እኔ ስነፋረቅ እሷ እጇን አላቆመችም። «ወንድምሽን ደግ አደረግህ በይው። ግን ዘግይቷል።»

ያን ዕለት የያዘችው አዲስ ሰሌን ነበር፤ ቅጠሉ እንደ ክር የተሰነጠቀ፣ እንደ ነጠላ የሚሳሳ።

«ይሄስ ለማን ነው?» አልኳት።

«ለአንቺ። የሙሽራው አክስት ስትቀበር የሙሽሪት ወገን ባዶ እጁን አይመጣም።»

የሴሲሊያ ሰሌን ሃያ ሰባት ዓመት ፈጅቶባት ነበር። «ያን ያህል ዓመት አለኝ?»

«ወንድምሽን ጠይቂው» አለች።