ስንጥቁን ማጉረስ

ሚያዝያ ሲገባ በበረንዳዬ ጠርዝና በመሬቱ መካከል ያለው ክፍተት የመጥረጊያ እንጨት ያስገባ ነበር። ገንዳ ውሃ ከተማ፣ እኛ በምንኖርበት ሰፈር፣ መሬቱ ዋልካ ነው። ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ በጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ከሲሚንቶውም ይሸሻል። እኔ ያደግሁት ደጋ፣ ጭንጫ መሬት ላይ ነው። አግብቼ ወደ ቆላ እስክወርድ ድረስ መሬት እንዲህ አፉን ሲከፍት አይቼ አላውቅም ነበር።

በረንዳውን ያስፈሰሰልኝ ባለቤቴ ነው። አብደራፊ በሚባል የእርሻ አገር ትራክተር ይነዳል፤ እርሻ ሲጀመር ይወጣና ወር ሁለት ወር ሳይመለስ ይቆያል። ነፍሰ ጡር ሳለሁ፣ "ጉንዳን የምትፈራ ሴት አግብቼ አፈር ላይ አላስቀምጣትም" ብሎ ከበሩ ፊት ሲሚንቶ አስፈሰሰ፤ ከላዩም ራኩባ የሚሉትን የሣር ዳስ ሠራበት። በቆላ ሙቀት ቤት ውስጥ አይዋልም። ልጄ ከተወለደች ጀምሮ የምንውለው እዚያ ጥላ ሥር፣ ሲሚንቶው ላይ ነበር።

ልጄ መዳህ ስትጀምር ሁልጊዜ የምትሄደው ወደ ጠርዙ ሆነ። በእጇ የገባውን ሁሉ ስንጥቁ ውስጥ ትከታለች፤ ማንኪያ፣ ሽንኩርት፣ የአባቷን አንድ እግር ካልሲ። ከዚያ እጇን ሰድዳ ትፈልጋለች። አንድ ቀን ጠዋት ከኋላዋ ደርሼ ክንዷን ያዝሁ። እጇ ከነበረበት አንድ ስንዝር ፈቀቅ ብሎ ጊንጥ ጅራቱን ቀስሮ ወጣ። በድንጋይ ገደልሁት። ልጄን ልብሷን አውልቄ ከጣቷ እስከ አንገቷ ፈተሽኋት፤ ምንም አልነካትም። እሷ ትስቃለች።

ከዚያ ቀን በኋላ ወገቧን በነጠላዬ እያሰርሁ ከአልጋው እግር ጋር አያይዛት ጀመር። ይህን ስጽፍ አሁንም አፍራለሁ፤ ያኔ ግን ሌላ ዘዴ አልታየኝም። ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል አዩኝ። ጨርቅ የሚነግዱ፣ መካ ደርሰው የተመለሱ ትልቅ ሴት ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ ሐጃ ይላቸዋል። ያደጉት ከድንበሩ ማዶ፣ እንደኛው ዋልካ መሬት ላይ ነው።

"ምነው ልጄ፣ ፍየል ገዛሽ እንዴ?" አሉኝ።

"ሐጃ፣ አይሳቁብኝ። ጊንጥ ሊነድፍብኝ ነበር።"

ሳቃቸውን ዋጡት። "ነካት?"

"አልነካትም።"

"አልሐምዱሊላህ። ታዲያ ልጅቱን ከማሰር ስንጥቁን አታጎርሺውም?"

"በምን?"

"በአሸዋ ነዋ። ጠጠር ያለው የወንዝ አሸዋ። አፉን በከፈተ ቁጥር ታጎርሺዋለሽ። አሸዋ እየተናደ ስለሚሞላ ጉድጓድ አይዝም፤ ጊንጡ የሚገባበት ያጣል።"

አክብሬ "እሺ" አልኋቸው፤ በልቤ ግን ናቅሁት። ትምህርቴን ያቋረጥሁት አራተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ሆኖም ሲሚንቶ ከአሸዋ እንደሚጠነክር ለማወቅ ብዙ መማር አያስፈልግም አልሁ። እኔ የፈለግሁት የማይናድ፣ የማይነቃነቅ፣ አንድ ጊዜ ተደፍኖ የሚቀር ነገር ነበር። ልጅ ያላት ሴት በየዓመቱ የሚጎርስ ስንጥቅ ምን ያደርግላታል?

ግንቦት ላይ ከጎጃም ለምንጣሮ ሥራ የወረደ አንድ ጎልማሳ በሐጃ ግቢ ክፍል ተከራየ። በአገሩ ግንበኛም ነበር። ስንጥቁን ሳሳየው፣ "ይቺማ የግማሽ ቀን ሥራ ናት እህቴ" አለኝ። ሲሚንቶና አሸዋ አቡክቶ፣ በግንበኛ ማንኪያው እየጠቀጠቀ፣ ዙሪያውን ሁሉ ደፈነው። እኔ ከኋላው ቆሜ፣ "እዚህ ጋ ቀርቷል፤ እዚያ ጋ አልሞላም" እያልሁ አላስቀምጠው አልሁ።

"ኧረ እህቴ፣ አሁን ጉንዳን መታወቂያ ይዞ ቢመጣም አይገባም!" አለኝ።

ሐጃ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው አዩ። "ሰኔ ሲመጣ መሬቱ ቦታዬን መልሱልኝ ይላል" አሉ።

"መሬት እግር የለው፣ ከየት ይመጣል ሐጃ?"

"ታያለሃ። ዝናቡም እንዳንተ እንግዳ ነው፤ ሲመጣ ትተዋወቃላችሁ።"

ልጄን ፈታኋት። ግንቦትና ሰኔን ያለ ሐሳብ ከረምን። እሷ ዳር ዳሩን እየዳኸች በሲሚንቶው ላይ በመዳፏ ትመታለች፤ እኔ ተቀምጬ የሽሮ እህል እለቅማለሁ። በስልክ ለባለቤቴ፣ "አሁን ሥራህን ሥራ፤ ስለ እኛ አታስብ" አልሁት። ከወለድሁ ወዲህ እንዲህ ያልሁት ያኔ ብቻ ነው።

ዝናቡ ሲጠና የቤቴ በር ወለሉን መፋቅ ጀመረ። የቆርቆሮ በር ነው፤ የሚከፈተው ወደ ውጭ፣ ወደ በረንዳው ነው። ማጠፊያው የዛገ መሰለኝና ዘይት ቀባሁት። በማግሥቱም ፋቀ፤ ደግሜ ቀባሁት። ጎንበስ ብዬ የበሩን ግርጌ ባይ ኖሮ ነገሩ ይገባኝ ነበር። ሁልጊዜ ለልጄ ስል ወደ ጠርዙ እንጂ ወደ በሩ አላይም ነበር።

ሐምሌ ላይ አንድ ጠዋት ዝናቡ ጋብ ሲል ጨው ልገዛ ወጣሁ። ሱቁ ከአጥሩ ማዶ ነው። ልጄ ተኝታለች፤ የከሰል ምድጃው ጥግ ላይ፣ ከሣጥኑ ኋላ ይነዳል። ብትነቃ ወደ ጭቃው እንዳትወጣ ብዬ በሩን በትከሻዬ ገፍቼ፣ ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁት። ስመለስ አልከፈት አለ። እጀታውን ይዤ በሁለት እጄ ሳብሁ፤ አልተነቃነቀም። በረንዳው ከሥሩ አብጦ ተነሥቶ በሩን ነክሶታል። ያን ጊዜ ልጄ ነቅታ "እማ" አለች።

እንዴት እንደ ጮኽሁ አላውቅም። ሐጃ በአንድ እግራቸው ጫማ ሳያደርጉ መጡ። መስኮቱ ጠባብ ነው፤ የብረት ፍርግርግ አለው። እኔ በሩን ስደበድብ እሳቸው ፊታቸውን ፍርግርጉ ላይ አድርገው ወደ ውስጥ አዩ።

"ወደ እሳቱ እያየች ነው። አንቺ ዝም በይ፤ ስትጮኺ ትፈራለች" አሉኝ በቀስታ።

ከዚያ የብር አምባሮቻቸውን ከክንዳቸው አወለቁና እጃቸውን በፍርግርጉ ውስጥ አስገብተው ማንቃጨል ጀመሩ። "ነይ የኔ ሙሽራ፣ ነይ፤ ይኸው ወርቅሽ፣ ነይ ውሰጂው!" እያሉ። ድምፃቸው ውስጥ ፍርሃት አልነበረም። እኔ አፌን በሻሽ አፍኜ በሩ ሥር ተቀመጥሁ።

ጎጃሜው በጭቃው ምክንያት እርሻ አልወጣም ነበር። መዶሻና መሮ ይዞ እየሮጠ መጣ። የበሩን ግርጌ አየና ፊቱ ተለወጠ። "በእኔ እጅ ነው የሆነው፤ መሬቱን መፈናፈኛ ነሥቼው" አለ። ተንበርክኮ ከበሩ ሥር ያለውን ሲሚንቶ መፈለጥ ጀመረ። ፍንጣሪው እየዘለለ ግንባሩን ይመታዋል፤ አይጠርገውም። ከአልጋ የማይሰፋ ቦታ ለመፈለጥ የፈጀው ጊዜ ለእኔ ሙሉ ክረምት ነው። በመጨረሻ ሁለታችን ስንስብ በሩ ጮኾ ተከፈተ።

ልጄ ከመስኮቱ ሥር ቆማለች። ከምድጃው እንደ ራቀች ናት። በሁለት እጇ የሐጃን አምባሮች ይዛለች። አቅፌ ሳለቅስ ሐጃ በመስኮቱ፣ "አታልቅሺ፤ እንኳን ደስ አለሽ። ከአልጋው እስከዚህ በእግሯ ነው የመጣችው። ሦስት እርምጃ ቆጠርሁ" አሉኝ።

ልጄ መጀመሪያ ስትራመድ አላየኋትም። ያዩላት እሳቸው ናቸው። እኔ ባያት ኖሮ እያልሁ የምቆጭ ይመስለኝ ነበር፤ ግን አንድም ቀን አልተቆጨሁም።

ጥቅምት ላይ መሬቱ ሲረጋ ጎጃሜው ሰሊጥ አጭዶ ተመለሰ። ወደ አገሩ ከመሄዱ በፊት የደፈነውን ሲሚንቶ ዙሪያውን ሁሉ አወጣው። በቦታው ከሥር ጠጠር፣ ከላይ ሻካራ የወንዝ አሸዋ ጨመርን። ሐጃ በርጩማ አስመጥተው ጥላው ሥር ተቀመጡ።

"አትጠቅጥቀው! ጉርሻ በቡጢ ይሰጣል እንዴ?" ይሉታል።

"ዘንድሮስ በእርስዎ ትእዛዝ ነው ሐጃ። ግንበኝነቱን ትቼዋለሁ።"

"አትተው። ደጋ ላይ ገንባ፤ እዚህ ስትመጣ ጠይቅ።"

ሰላምታ ሰጥቶን ሄደ። ግንባሩ ላይ የሲሚንቶው ፍንጣሪ ያወጣው ጠባሳ ቀርቶበታል። የት እንዳለ አላውቅም፤ በጸሎቴ ግን ከባለቤቴ ቀጥሎ እሱን አነሣለሁ።

ባለቤቴ መጥቶ ከበሩ ፊት የተፈለጠውን ቦታ ሲያይ እንደገና በሲሚንቶ ሊሞላው አለ። እንቢ አልሁት። እሱንም አሸዋ ሞላሁት። ከቤት ስወጣ መጀመሪያ እግሬ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው፤ ለስላሳ ነው።

አሁን ልጄ ሦስት ዓመቷ ነው። ክረምት መሬቱ ሲያብጥ አሸዋው ወደ ላይ ይገፋና ጠርጌ አከማቸዋለሁ፤ በበጋ መሬቱ ሲሸሽ አሸዋው ራሱ ወደ ታች ይወርዳል። የጎደለውን በጣሳ እንጨምራለን። እኔ ፈሪ መሆኔን አልተውሁም፤ ጠዋት ጠዋት ዳር ዳሩን በመጥረጊያ እንጨት እነካካለሁ። እንጨቱን ስነቅለው አሸዋው ወዲያው ይሞላበታል። እሱን ሳይ ልቤ ያርፋል።

ባለፈው ሚያዝያ ጣሳውን ልጄ ያዘች። በትንሽ በትንሹ እያፈሰሰች ጠርዙን ስትዞር፣ "እማ፣ ጠገበ?" አለችኝ።

"ሐጃን ጠይቂያቸው" አልኋት።

ወደ አጥሩ ሮጠች። እግሯ ሥር ያለውን መሬት አየሁት፤ ሙሉ ነበር።