የማያጸድቀው የአጎቴ እጅ

ነፍሳቸውን ይማርና፣ ያሳደጉኝን አጎቴን የማመሰግንበት ብዙ ነው፤ ዛሬ ግን ስለ እጃቸው ላንሣ።

በደርግ ጊዜ ቢቸና ባለው ጓሯችን በየሚያዝያው ጌሾና ኮክ ሲተከል፣ ጉድጓዱን ይቆፍሩና ችግኙን አይነኩም ነበር። «አንቺ ትከዪው፤ የኔ እጅ አያጸድቅም» ይሏቸዋል ባለቤታቸውን እትዬን፣ ጎረቤት እየሰማ። እትዬ ከሞጣ ተድረው መጥተው ልጅ ስላልወለዱ የሰው አፍ ያቆስላቸው ነበር። የተከሉት ግን ሁሌም ይጸድቃል።

አንድ ማለዳ አጎቴ ወደ ቀበሌ ስብሰባ ከመሄዳቸው በፊት ከወንዝ ውሃ ቀድተው ችግኞቹን ሲያጠጡ አገኘኋቸው። «ለሷ እንዳትነግሪ» አሉኝ። አልነገርሁም።

ዘንድሮ እሳቸው የሉምና ጉድጓዱን እኔ ቆፈርሁ። እትዬ ችግኙን እንደያዙ፣ «ማለዳ ማለዳ እንደሚያጠጡልኝ አውቅ ነበር» አሉኝ። «የተኛሁ መስዬ እቆይ የነበረው ደስ ይበላቸው ብዬ ነው።»