ቴሌቪዥን ላይ መሬት የለውም ያልኩት ሐይቅ

እኔ ትምህርት ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤ ግን በቴሌቪዥን ታይቻለሁ። ዲግሪ የያዙት ጓደኞቼ ታይተዋል? አልታዩም። ካሜራ ይዘው የመጡት ሰዎች ከሐይቅ አስጋሪ ሁሉ መርጠው እኔን ጀልባ ላይ አቁመው «ስለ ሐይቁ ንገረን» አሉኝ። ደረቴን ነፋሁና «ይሄ ውሃ መሬት የለውም! ድንጋይ አስረህ ገመድ ብትለቅበት ገመዱ ያልቃል እንጂ እሱ አያልቅም» አልኩ። እነሱም ድም ድም የሚል ሙዚቃ ጨመሩበት። ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ሳየው፣ ወላሂ፣ ራሴን ራሴ ፈራሁት።

በሳምንቱ የሰፈራችን ትምህርት ቤት የሳይንስ አስተማሪ ዳርቻው ድረስ መጡ። እናቴ የሚሆኑ ሴት ናቸው። ልጆቹ ፊልሙን አይተው «ቲቸር፣ ሐይቁ መሬት የለውም» እያሉ አላስተምር ብለዋቸዋል።

«በቴሌቪዥን የወጣኸው አንተ ነህ?»

«እኔው ነኝ ቲቸር! ፎቶ እንነሳ?»

«ፎቶው ይቆይ። በምን አወቅህ?»

ባለ ካሜራዎቹ ይቺን አልጠየቁኝም። «ገመዴ አልቆ ነዋ!» አልኩ።

«ድንጋዩ መሬት ቢነካ በምን ታውቃለህ?»

ገመዴን አንስቼ ጫፉን አየሁት። መልሱን ይነግሩኛል ብዬ ስጠብቅ «አስብበት፣ ቅዳሜ እመጣለሁ» ብለውኝ ሄዱ።

ትምህርት ቤት እያለሁ እንደዚያ አስቤ አላውቅም። ለካ ገመዱ ላይ የምናስረው የመረብ ድንጋይ ቀላል ነው፤ መሬት ቢነካም እጅ ላይ አይሰማም። ነፋሱ ጀልባውን ሲገፋው ገመዱ አግድም ይጎተታል፤ እኛ ወደ ታች የሚወርድ ይመስለናል። አባቶቻችንም እንደዚያው መስሏቸው ነው የነገሩን።

ቅዳሜ ነፋስ ሳይነሳ ማልደን ገባን። ከባድ ድንጋይ አስሬ፣ ከሥጋ ቤት የለመንኩትን ሞራ ከሥሩ ለጥፌበታለሁ። ሞራው የራሴ ሐሳብ ነው፤ ይታወቅልኝ። ገመዱ ሄደ፣ ሄደ፣ ሌላ ቀጠልኩበት፣ ሄደ... ላላ። ስስበው ሞራው ላይ ጥቁር ጭቃ ተለጥፏል። ቲቸር ጭቃውን በጣታቸው አሸት አደረጉና ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ዝናዬ ነው የሰመጠው።

ደብቀው የሚል ሐሳብ መጥቶብኝ ነበር። ግን እንዲህ አስቤ ያገኘሁትን ነገር የምደብቅ ሰው አይደለሁም! ድንጋዩን ተሸክሜ ሻይ ቤት ገባሁና ጠረጴዛው ላይ ዱብ አደረግሁት። «ዋሽቻለሁ። ሐይቁ መሬት አለው፤ ይኸው!»

«ሂድ ወዲያ! በቴሌቪዥን የተነገረ እንዴት ውሸት ይሆናል?» አለ አንዱ ባለ ባጃጅ።

«የተናገርኩት እኮ እኔ ነኝ!»

«ያኔ ነበር ያማረብህ። አሁን አስተማሪዋ ጭንቅላትህን አዙረውት ነው።»

ሻይ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሱም ልብ ልብ ብሎት «ጭቃውን ከዳር ቀብተህ ያመጣኸው ቢሆንስ?» አለ።

ልቆጣ ብዬ ተውኩት። ጥሩ ጥያቄ ነዋ! ሰውዬው ሳያውቀው ተማሪ ሆኗል። እጁን ያዝኩት። «ተነስ፣ እንሂድ። ገመዱን ራስህ ነህ የምትለቀው።»

«ኧረ እኔ ዋና አልችልም!»

«ገመድ ያዝ አልኩህ እንጂ ዋኝ አልኩህ?»