ሁለት ሜትር ከአርባ

ሥራ ቦታችን ውስጥ እናት አባቱ ባወጡለት ስም የሚጠራ ሰው ጥቂት ነው። እሳቸውን ሁላችንም «ጋሽ ሜትር» እንላቸዋለን፤ ትክክለኛ ስማቸውን እኔም የማየው ፋይላቸውን ስከፍት ብቻ ነው። ሥራቸው መለካት ነው። አንድ ሰው መኖሪያ ቤቴን ላከራይ ሲል፣ ወይም ጋራዤን መኝታ ቤት፣ ሳሎኔን ሱቅ ላድርግ ሲል፣ ማዘጋጃ ቤቱ ፈቃድ ከመስጠቱ በፊት እሳቸው ሄደው የክፍሉን ስፋት፣ መስኮቱንና የጣሪያውን ከፍታ ለክተው ይመጣሉ። እኔ መዝገብ ቤት ነኝ። ያመጡትን ወረቀት እቀበላለሁ፣ ቁጥር እሰጣለሁ፣ አቧራ እበላለሁ። ሃያ አንድ ዓመት አንድ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠናል፤ ከባሌ ጋር እንኳ ይህን ያህል ተያይተን አናውቅም።

ጋሽ ሜትርን ሰው አይወዳቸውም። እውነቱን እናውራ ከተባለ እኔንም ስንት ቀን ቆሽቴን አሳርረውኛል። መመሪያው፣ ሰው የሚያድርበት ክፍል ከወለል እስከ ጣሪያ «በማንኛውም ነጥብ ከሁለት ሜትር ከአርባ ማነስ የለበትም» ይላል። ሌላው ለኪ መሀሉን ለክቶ፣ ፈርሞ ይወጣል። እሳቸው አራቱንም ማዕዘን፣ የበሩን ሥር፣ ከቁም ሳጥን ጀርባ ያለውን ጥግ ሳይቀር ይለካሉ። ሁለት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ አንዲት ልብስ ሰፊ፣ የጓሮ ክፍሏን ላከራይ ብላ መጥታ በሁለት ሴንቲ ሜትር ምክንያት ሦስት ወር ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆኖባት ነበር። በመጨረሻ ጣሪያዋን አፍርሳ እንደገና አሠራች።

«ጋሼ፣ በሁለት ሴንቲ ማን ይሞታል?» አልኳቸው ያኔ፣ ተናድጄ።

«ማንም አይሞትም» አሉኝ ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ። «ግን ለእሷ ሁለቱን ከተውኩላት፣ ነገ አምስት ተውልኝ የሚለኝን ምን ብዬ እመልሰዋለሁ?»

እጃቸው ንጹሕ ነው፤ ይህንን አፌን ሞልቼ እናገራለሁ። ለመለካት የሄዱበት ቤት ውሃ እንኳ አይጠጡም። እንዲህ ያለ ሰው ለመሥሪያ ቤት ይመቻል፣ አብሮት ለሚቀመጥ ግን መከራ ነው።

የሚለኩበት የብረት ሜትር ከእሳቸው እኩል ያረጀ ነው። የጫፉ መንጠቆ ከወለቀ ቆይቷል፤ የመጀመሪያዎቹ ቁጥሮችም ተፍቀው አይነበቡም። ስለዚህ ከዜሮ አይጀምሩም። አሥር ቁጥር ላይ ይይዛሉ፣ ይዘረጋሉ፣ ካነበቡት ላይ አሥር ይቀንሳሉ። አዲስ እንዲሰጣቸው እኔው ራሴ ስንቴ ጠይቄላቸው፣ ንብረት ክፍል «በጀት ሲለቀቅ» ብሎ ይመልሰኛል። የሚለቀቅ ነገር የለም። ደግነቱ እሳቸው መቀነሱን ረስተው አያውቁም፤ የሃያ አንድ ዓመቱ ፋይል እጄ ላይ ስለሆነ ነው እንዲህ የምለው።

አሁን ስለ እትዬ ልንገራችሁ። እትዬ የጋሽ ሜትር ባለቤት ናቸው። ቤታቸው ፎቅ ነው፤ ላዩ መኖሪያ፣ ሥሩ ጋራዥ። ጋራዡ መኪና አይቶ አያውቅም፤ በወጣትነታቸው ሲሠሩት «ይመጣል» ብለው ነበር፣ ሳይመጣ አረጁ። ወደ ላይ የሚወስደው ደረጃ አሥራ ዘጠኝ ነው። እትዬ ጨዋታ ወዳድ ናቸው፤ ድሮ የግቢው በር ላይ ቆመው አላፊ አግዳሚውን ሳያዋሩ አይውሉም ነበር። ከዚያ ጉልበታቸው ከዳቸው። ስምንት ወር ሙሉ ከሐኪም ቤት በቀር አልወረዱም፤ ሲወርዱም በሁለት ሰው ትከሻ ነው።

አንድ ቀን ልጠይቃቸው ሄጄ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ልጄ፣ ሕመሙን ለምጄዋለሁ» አሉኝ። «የመረረኝ ሰው መጥራት ነው። ‹አውጡኝ›፣ ‹አስገቡኝ›። በገዛ እግሬ፣ ሲያሰኘኝ ተነስቼ፣ ማንንም ሳልጠራ በር ላይ መውጣት ነው የናፈቀኝ። ሌላ ምንም አልፈልግ።»

አንጀቴን በሉት። ጋሽ ሜትር ማዶ ተቀምጠው ጣታቸውን ያፍተለትሉ ነበር።

በሳምንቱ ማመልከቻ ይዘው መጡ፤ እንደማንኛውም ባለ ጉዳይ ተሰልፈው። ጋራዡን መኖሪያ አድርገው ከእትዬ ጋር ሊወርዱ፣ ላዩን ለአንድ አስተማሪና ለቤተሰቡ ሊያከራዩ አስበዋል። ባለቤቱ ራሱ የሚኖርበት ሕጋዊ ክፍል ከሌለው የማከራየት ፈቃድ አይሰጠውም፤ ስለዚህ ሁሉም ነገር በጋራዡ ላይ ተንጠለጠለ። ጋራዡ ደግሞ ከግቢው ዝቅ ያለ ነው። ወለሉ ተሞልቶ ከግቢው ጋር እኩል ቢሆን እትዬ አንዲት ደረጃ ሳይረግጡ ይወጡ ይገቡ ነበር። ጥያቄው ወለሉ ሲሞላ እስከ ጣሪያው ስንት ይተርፋል የሚለው ነው፤ ጣሪያው የላይኛው ቤት ወለል ስለሆነ ፈቀቅ አይልም።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ለመለካት ሮጠው ሄዱ። ግንበኛው ይጠብቃቸዋል፤ እትዬ ከላይ በመስኮት መድኃኒት ማለቁን ይናገራሉ፤ ለከሰዓቱ ሥራ ደግሞ ሃያ ደቂቃ ቀርቷል። አሥር ላይ ያዙ፣ ከግቢው ልክ እስከ ጣሪያው ዘረጉ፣ አነበቡ። ሁለት ከአርባ! «ሙላው» አሉት ግንበኛውን። መድኃኒቱን ገዝተው ተመለሱ። ያን ዕለት ከሰዓት ሲያፏጩ ሰምቼ «ዛሬ ደግሞ ምን ተገኘ?» ብዬ ቀልጄባቸዋለሁ።

አሥሯን አልቀነሷትም። ሃያ አንድ ዓመት ለሰው ሲቀንሱ ኖረው ለራሳቸው ረሷት።

የራሱን ቤት የሚለካ ሠራተኛ የለም፤ ደንቡ አይፈቅድም። የተላከችው አዲሷ መሐንዲስ ናት፤ ሥራውን ያስተማሯትም እሳቸው ናቸው። እሷ ሜትር አትዘረጋም፣ ቀይ ብርሃን የሚያበራ የእጅ መሣሪያ አላት። እኔም ፕላኑን ይዤ አብሬያት ሄድኩ። ክፍሉ አልቆ ነበር። ሴራሚኩ ተነጥፏል፣ ግድግዳው ተቀብቷል፣ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ እትዬ የሚይዙት ብረት ተተክሏል፣ አልጋው እንኳ ገብቷል። ጋሽ ሜትር አዲስ ሸሚዝ ለብሰው በሩ ላይ ቆመዋል።

መሐንዲሷ ብርሃኑን ወደ ጣሪያው ለቀቀችና ቁጥሩን አየች። ሌላ ጥግ ሄዳ ደገመች።

«ጋሼ… ሁለት ከሠላሳ ነው የሚለኝ።»

«ባትሪው ደክሞ ይሆናል» አሉና የራሳቸውን ሜትር ከኪሳቸው አወጡ። አሥር ላይ ያዙ፣ ዘረጉ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ እየቀነሱ ነበር። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ምን ብዬ ልጻፍ?» አለች ልጅቱ። እንባዋ ቀርቧል።

«ያየሽውን።»

«ኧረ ዝም ብለሽ አርባ በይው!» አልኩ እኔ። «ማን መጥቶ ያየዋል?»

«አንቺ አርፈሽ ቁሚ!» ብለው ጮኹብኝ፤ ጮኸውብኝ አያውቁም ነበር። «ያየሽውን ጻፊ፣ ልጄ።»

ጻፈች። እትዬ ከላይ «ጨረሳችሁ ወይ? ልውረድ?» አሉ።

መፍትሔው አንድ ብቻ ነው፤ ወለሉ አሥር ሴንቲ መውረድ አለበት። ግንበኛው ሌላ ሥራ ይዟል። ጋሽ ሜትር የዓመት ፈቃዳቸውን ወስደው በመዶሻና በመሮ ራሳቸው ጀመሩት። ቅዳሜ ብሄድ ስብርባሪው ላይ ተቀምጠዋል፤ ቅንድባቸው ሳይቀር ነጭ ሆኗል።

«ጋሼ፣ ሰው ይቅጠሩ እንጂ። በዚህ ዕድሜዎ?»

«ያበላሸሁት እኔ» አሉ። ቆይተው ደግሞ «ያቺ ልብስ ሰፊ… ጣሪያዋን ያፈረስኩባት። ራሷ ይሆን የተሸከመችው ፍርስራሹን?» ሲሉ ጠየቁኝ።

አላውቅም አልኳቸው።

«ደክሞኛል» አሉ። «መዶሻው አይደለም። መለካቱ ነው የደከመኝ።»

እኔም ደክሞኝ ነበር፤ ውሃ ቀድቼ ሰጠኋቸውና ሄድኩ።

በአሥራ ስድስተኛው ቀን መሐንዲሷ ተመልሳ ለካች። በየማዕዘኑ ሁለት ከአርባ አንድ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። አስተማሪውና እኔ እትዬን ግራና ቀኝ ይዘን አሥራ ዘጠኙን ደረጃ አወረድናቸው። ጋራዡ በር ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ምርኩዛቸውን ወደ ታች ሰደድ አደረጉት። ወለሉ ወርዶ የለ? በሩ ሥር አዲስ ደረጃ ተፈጥሯል፤ ለእኔና ለእናንተ ከምንም የማይቆጠር፣ ለእሳቸው ግን ገደል።

«አንተ ሰውዬ» አሉ ወደ ባላቸው ዞረው፣ «አሥራ ዘጠኙን አስወርደህ ሃያኛውን ሠራህልኝ?»

ሳቅን። እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ደግፈን አስገባናቸውና አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጥናቸው። «ምንም አይደል» አሉ በሩን እያዩ። «መውጣት ሲያሰኘኝ እጠራሃለሁ።»

ጋሽ ሜትር ይህን ሲሰሙ ወደ ውጭ ወጡ። መሐንዲሷ ተከትላ፣ ከበሩ ጀምሮ ወደ ውስጥ ተዳፋት ቢሠራ ብላ ጠየቀቻቸው።

«ተዳፋቱ ላይ ከፍታው ሁለት ከሠላሳ ይሆናል። ‹በማንኛውም ነጥብ› ነው የሚለው።»

«ግቢውን ዝቅ ብናደርገውስ?»

«የፍሳሹ ቧንቧ በዚያ ነው የሚያልፈው።»



ፈቃዱ ሦስት ፊርማ ሲለቃቅም ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ወረቀቱን ለባለቤቱ የሚያስረክብ ሠራተኛ፣ ቤቱ እንደተለካው መሆኑን በዓይኑ አይቶ ጀርባው ላይ መፈረም አለበት፤ ሰው ፈቃድ ከወጣለት በኋላ ወለልና ጣሪያ ይለውጣል ተብሎ የወጣ ደንብ ነው። ያስወጡትም ጋሽ ሜትር ናቸው። «እኔ አደርሰዋለሁ» ብዬ ተቀበልኩ።

ስደርስ በሩ ክፍት ነው። ከደጃፉ እስከ ክፍሉ አጋማሽ ድረስ፣ ቀስ ብሎ የሚወርድ ሰፊ የሲሚንቶ ተዳፋት ተሠርቷል። እግር እንዳያንሸራትት ላዩ በመጥረጊያ ተጭሮ ሸካራ ተደርጓል። ደርቋል። ጋሽ ሜትር ሱሪያቸው ሲሚንቶ እንደነካው አጠገቡ ቆመዋል። እጄ ላይ ያለውን ወረቀት አዩት።

«እንደምታዪው ነው» አሉኝ። «እንደ ሥራሽ አድርጊ። አልቀየምሽም።»

ሳልመልስላቸው እትዬ ከውስጥ ብቅ አሉ። ምርኩዛቸውን ተዳፋቱ ላይ ተከሉ፣ አንድ እግር፣ ሌላውን እግር። ጋሽ ሜትር ሊደግፏቸው እጃቸው ተነሳና መልሰው ጀርባቸው ላይ ቆለፉት። እትዬ እኔን «ደህና ነሽ?» ብለው ብቻ አለፉኝ፤ ሥራ ነበረባቸው። ግቢውን አቋርጠው በሩ ጋ እስኪደርሱ ረጅም ጊዜ ወሰደ። ማንንም አልጠሩም።

ወረቀቱን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ፈረምኩና ሰጠኋቸው።

«ምን ብለሽ ነው የፈረምሽው?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«ቤቱ እንደተለካው ነው ብዬ።»

«ውሸት ነው።»

«ነዋ» አልኩ።

እትዬ በሩ ላይ ከአንዲት መንገደኛ ጋር ጨዋታ ጀምረው ኖሮ ሳቃቸው እኛ ድረስ ይሰማል። ጋሽ ሜትር ፈቃዱን ሳያነቡ አጠፉት። ከዚያ ተዳፋቱ ላይ ቁጭ አሉና፣ እኔ እያየኋቸው፣ እንደ ልጅ አለቀሱ።