እናቴ የፈራችኝ ክረምት

ልጅ ሳለሁ፣ አዳማ ውስጥ ጋሪዎች ከሚቆሙበት መንገድ ዳር በነበረው የኪራይ ቤታችን፣ አንድ ክረምት ሙሉ የአባቴ አክስት እማማ ብርቄ አብረውን ተቀምጠው ነበር። ከአቦምሳ የመጡት ዓይናቸውን ሊታከሙ ነው ተባለ። እኔ ግን አላመንኩም። ዓይኑን የታመመ ሰው እናቴ ከቤት ስትወጣ የትኛውን ነጠላ እንደለበሰች እንዴት ያያል? ዘጠኝ ዓመቴ ቢሆንም፣ እማማ ብርቄ የመጡት እናቴን ለአባቴ ሊጠብቁለት እንደሆነ ለራሴ ወስኜ ጨርሼ ነበር።

ያኔ ቤታችን ውስጥ ጠያቂው ብዙ፣ ተጠያቂዋ ግን እኔ ብቻ ነበርኩ። አባቴ ከአርሲ ነገሌ እህል በአይሱዙ የሚያመላልስ ሾፌር ነበር። ሲመለስ ከረሜላ ያቀብለኝና ድምፁን አለስልሶ፣ «እናትሽ ዛሬ የት ዋለች?» ይለኛል። እናቴ ደግሞ ጸጉሬን እየሠራች፣ «አባትሽ መኪናው ውስጥ ማንን አሳፍሮ ነበር?» ትለኛለች። እርስ በርሳቸው ግን ስለ ሽሮና ስለ ሳሙና ካልሆነ አይነጋገሩም። ለሁለቱም የማውቀውን እየቆረስኩ እሰጥ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ደበቅሁ፦ ትምህርት ሳይዘጋ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ መናኸሪያ ውስጥ ወለንጪቲ በሚሄድ ሚኒባስ ስትሳፈር ሁለት ጊዜ አይቻታለሁ።

በአንድ ምሽት ዝናቡ እንዳባራ መብራት ጠፋ። እማማ ብርቄ በረንዳው ላይ የከሰል ማንደጃውን አስጠግተው በቆሎ ይጠብሱ ነበር። የኩራዙ ጭስ ወደ ጣሪያው እየተጥመለመለ ይወጣል፣ ፍሙ ሲራገብ ፊታቸው ይቀላና ተመልሶ ይጠፋል። «ኮቱ፣ ወዲህ ቅረቢ» አሉኝ ኦሮምኛውን ቀላቅለው። ቀረብኩ፤ ግን ማንደጃው በመካከላችን እንዲሆን አድርጌ ተቀመጥኩ።

የአያታቸው እናት በድሮ ዘመን፣ የአባቶቻችን አባቶች ሳይወለዱ፣ በአንድ ደጃዝማች ግቢ ሞግዚት ነበሩ አሉኝ። ደጃዝማቹ ከአዋሽ ማዶ ከሚገዛ ሌላ መስፍን ጋር ብዙ ተዋግተው፣ እርቅ ሲወርድ የመስፍኑን እህት አገቡ። ወይዘሮዋ ወንድ ልጅ ወለዱ። ባልና ሚስቱ ልጁን ተካፍለው ነበር የሚያሳድጉት፦ ጠዋት አባትየው ፈረስ ያስጋልቡታል፣ ከሰዓት በኋላ እናትየው አጠገባቸው አስቀምጠው ዳዊት ያስደግሙታል። ሲመሽም ሁለቱም ይጠይቁታል። «እናትህ ዘንድ ማን መጣ?» «አባትህ ከማን ጋር መከረ?» ልጁ ሁለቱንም ስለሚወድ ለሁለቱም ይናገራል።

አንድ ቀን ልጁ፣ እናቱ ለጨው ነጋዴ ወረቀት ሲሰጡ ማየቱን ለአባቱ ነገረ። ነጋዴው ወንዙ መሻገሪያ ላይ ተያዘ። ደጃዝማቹ ሚስታቸውን አስጠርተው፣ ሹማምንቱ በተሰበሰቡበት ደብዳቤው ይነበብ አሉ። ጸሐፊው አነበበ። «ወንድሜ፣ ጦር ከተነሳ ልጄን ተቀብለህ አሳድግልኝ። አባቱን ግን አትንካብኝ፤ ልጁ ያለ እሱ እንቅልፍ አይወስደውም» ይላል። ጸሐፊው ቀና ብሎ ደጃዝማቹን አየ። ከዚያ ወር ባልሞላ ጊዜ በፊት ደጃዝማቹ ራሳቸው ለዚያው ሰው በስውር ያጻፉትን ደብዳቤ ያውቃላ፤ እሱንም እዚያው ተናገረ። «እኔ ከወደቅሁ ልጄን ከእናቱ አትለይብኝ» ይል ነበር የሳቸውም።

«ከዚያስ ታረቁ?» አልኳቸው።

«ታረቁ። ልጁ ግን ከዚያ ቀን ወዲያ የዋለበትን ለአባቱም ለእናቱም አልነገረም። በሰው ፊት እናቱን ያስቆመው የሱ ቃል መሆኑ ገብቶታል። ሞግዚቲቱ እስክትሞት የምታዝነው ለሱ ነበር።»

በቆሎው ማረር መጀመሩን እንኳ ልብ አላልኩም፤ ሐሳቤ ሌላ ነበር። «እማማ፣ ይሄን ለምን ነገሩኝ?»

በቆሎውን ገለበጡት። «አንቺ መናኸሪያ ያየሽውን እኔም ስለማውቅ።»

ሊያናግሩኝ ነው ወይስ ዝም ሊያሰኙኝ? አልለየልኝም። እሳቸው በቆሎውን ለሁለት ሰብረው ግማሹን አቀበሉኝ።

በማግስቱ አባቴ እንደ ልማዱ ከረሜላውን ይዞ ገባ። «እናትሽ ዛሬ የት ዋለች?» አለኝ።

«አባዬ፣ እሷን ጠይቃት። እኔን አትጠይቀኝ» አልኩት። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ጮኸ። እናቴ የጓዳው በር ላይ ቆማ ነበር።

አባቴ ወደሷ ዞረ። እሷም እጇን በቀሚሷ እየጠረገች፣ «ወለንጪቲ ነበርኩ» አለችው። «ወንድሜ ከታመመ ሦስት ወሩ ነው። ስሙ በዚህ ቤት እንዳይነሳ ያልከው አንተ ነህ።»

አጎቴ ጋብቻቸውን የተቃወመ ሰው ነበር። አባቴ ከሠርጋቸው ቀን ጀምሮ ይቅር አላለውም። ተቀምጦ ኮፍያውን አወለቀና ጭኑ ላይ አስቀመጠ። «እኔ እኮ ሌላ ነገር መስሎኝ…» ብሎ አልጨረሰውም። ቀጥሎም፣ «ልጅቷን ይዘሻት ሄደሽ ታውቂያለሽ?» አላት።

«አላውቅም» አለች እናቴ። «ላንተ ትነግርሃለች ብዬ ፈራኋት።»

ከዚያ በኋላ ያወሩትን አልሰማሁም። እማማ ብርቄ እጄን ይዘው ወደ በረንዳው አወጡኝ።

በሚቀጥለው እሑድ አባቴ በአይሱዙው ወለንጪቲ ወሰደን። አጎቴ አልጋው ላይ ሆኖ እጁን ዘረጋለት። ብዙም አልተነጋገሩም፤ ግን ሕመሙ ሲጠናበት እየደገፈ ሐኪም ቤት የሚያመላልሰው አባቴ ሆነ፣ መስቀል ሳይደርስ ሲሞትም አስከሬኑን የጫነው እሱ ነው። ወላጆቼ አብረው ኖሩ። አባቴም ዳግመኛ ጠይቆኝ አያውቅም።

እማማ ብርቄ ሲያርፉ ለልቅሶ አቦምሳ ሄጄ፣ ስለ ሞግዚቲቱ ቅድመ አያት ዘመዶቻቸውን ጠየቅኩ። የሰማ ሰው የለም። አንዲት እህታቸው እንዲያውም የአያታቸው እናት ከትውልድ መንደራቸው ወጥተው እንደማያውቁ ነገረችኝ። ደጃዝማቹንም፣ ደብዳቤዎቹንም፣ ለኔ ብለው ያን ምሽት ፈጥረዋቸው ይሆናል። ወይም እህቲቱ አታውቅም ይሆናል። አሁንም ሳስበው አንዱን ይዤ ሌላውን መተው ያቅተኛል።

እናቴ ዛሬ እኔ ዘንድ ነው የምትኖረው። በአንድ ወቅት ያን «ፈራኋት» ያለችውን ቃሏን አንስቼላት፣ «ያኔ ልጅ አልነበርሽ እንዴ፣ ምን ትዝ ይልሻል» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ስልኳ ሲጠራ ግን፣ እኔ ካለሁ ተነስታ ወደ ውጭ ትወጣለች። ቤት ውስጥ ኔትወርክ ስለማይሠራ ይሆናል።